መልስ፦ ያገለገሉ መጻሕፍት ለመሸጥ ስካነር ልግዛ?

ሰላም እህቴ። እዚህ አሜሪካ ከቤተ መጻሕፍት ሽያጭና ጉድዊል ከሚባለው የልባሽ ዕቃ መደብር መጻሕፍት እየገዛሽ አማዞን ላይ ለመሸጥ የእጅ ባርኮድ ስካነር ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለጊዜው አትግዢ። የአማዞን የሻጮች መተግበሪያ በስልክሽ ካሜራ ባርኮድ አንብቦ መጽሐፉ አማዞን ላይ ስንት እንደሚሸጥ ያሳይሻል፤ ለጀማሪ ይበቃል።

ብሉቱዝ ስካነር የሚጠቅመው ለፍጥነት ነው። የቤተ መጻሕፍት ሽያጭ በሩ ሲከፈት ግፊያ አለ፤ ካሜራሽ አጥርቶ እስኪያነብ ጥሩ ጥሩው ያልቃል። ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ ያስቸግራል። ስለዚህ የዋጋ መረጃውን ቀድሞ ስልክሽ ላይ የሚያወርድ መተግበሪያ ያዢ። ስካነር የሚከለክሉ ሽያጮችም አሉ፤ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ከሁሉ በላይ ግን ስክሪኑ ላይ በምታዪው ዋጋ ብቻ አትወስኚ። አማዞን ከእያንዳንዱ መጽሐፍ 15 በመቶና 1.80 ዶላር ይቆርጣል። ወርሃዊ ክፍያ የሌለው አካውንት ከሆነ 0.99 ዶላር ይጨመራል። የፖስታውም አለ። አማዞን ለመጽሐፉ የሚሰጠውን የሽያጭ ደረጃም እዪ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መጽሐፉ ቶሎ ይሸጣል። ደረጃው ሚሊዮኖች ውስጥ ከገባ፣ ዋጋው ቢያጓጓም ቤትሽ ከርሞ አቧራ ይጠጣል።

የድሮ ትንንሽ ልብ ወለዶች የጀርባ ባርኮድ አልነበብ ካለ የፊት ሽፋኑን ገልጠሽ ውስጡን እዪ፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ባርኮድ እዚያ ነው።

ባርኮድ የሌላቸውን አሮጌ መጻሕፍት ደግሞ እባክሽ አትለፊያቸው። ስካነር የያዘው ሁሉ ዘሏቸው ነው የሚሄደው። ርዕሱን ጽፈሽ ፈልጊ፤ በተለይ የአካባቢ ታሪክና የእጅ ሙያ መጻሕፍትን።