በአአ ታርጋ ከአዳማ ቁልቢ መሄድ ይቻላል?

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ የገዛኸው ዶልፊን አአ ኮድ 2 ነው ብለሃል። ለታኅሣሥ ገብርኤል የሰፈርህን ማኅበርተኞች ከአዳማ ቁልቢ ልታደርስ አስበሃል። ጭንቀትህ ታርጋው ኦሮ ስላልሆነ መንገድ ላይ ያስቆሙኝ ይሆን የሚል ነው።

እኔ በዚህ መስመር ለበዓል ሰው ሳመላልስ አአ ስለሆነ ብቻ የተያዘ መኪና አላየሁም። እንደዚያ ቢሆንማ አዳማ ውስጥ ስንቱ መኪና ቆሞ በቀረ! የአንተ ጣጣ ያለው 2ቷ ላይ ነው። ሰማያዊ ታርጋ የግል ነው፣ በክፍያ ሰው አይጫንበትም። በክፍያ ለመጫን አረንጓዴው፣ ኮድ 3 ያስፈልጋል። ታርጋህን ወደ ኦሮ ብታዞረውም ኮዱ 2 እስከሆነ ድረስ ምንም አልተለወጠም።

«ነዳጅ ብቻ ነው ያዋጡት» እንዳትል። ትራፊኩ አንተን ትቶ ወደ ኋላ ይዞርና «እናቴ፣ ስንት ከፈሉ?» ይላል። ስለት ይዘው ወደ ገብርኤል የሚሄዱ እናት ደግሞ ለአንተ ብለው አይዋሹም፤ ብሩን እስከ ሳንቲሙ ይነግሩታል። ቤተሰብህን በነፃ ከወሰድክ ማንም ምንም አይልህም።

ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ኢንሹራንሱ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለሱ የሚነዳ የለም። ነገር ግን ሙሉ ኢንሹራንስህ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ ተጽፎ ሰው በክፍያ ጭነህ አደጋ ቢደርስ፣ ካሳው ላይ ትልቅ ክርክር ይነሳል። ውሉን አውጣና «የአገልግሎት ዓይነት» የሚለውን ቦታ አንብበው።

ስለዚህ ማኅበሩ ኮድ 3 መኪና ቢከራይ ይሻላል። በኮድ 3ም ቢሆን ዝም ብሎ ጭኖ መውጣት የለም። መኪናው የሚሠራበት መስመር አለው፣ ከመስመሩ ውጭ ለኮንትራት ሲሄድ መናኸሪያ ሄዶ መውጫ፣ ማለትም የጉዞ ፈቃድ ወረቀት፣ ማስቆረጥ ያስፈልጋል። እኔ ሊብሬ፣ የዘንድሮ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ የሕዝብ መንጃ ፈቃድ፣ በዚያ ላይ የማኅበሩን ደብዳቤና የተጓዦቹን ስም ዝርዝር ይዤ ነው የምቀርበው። ዝርዝሩን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ጭቅጭቅ ያሳጥራል። መውጫው ላይ የተጻፈውን የሰው ብዛት ከመቀመጫው ጋር ያስተያዩታል። አንድ ሕፃን እንኳ ትርፍ ከሆነ ወሬው ይረዝማል። በዓሉ ሲቃረብ ወረፋው ስለሚበዛ ቀደም ብለህ ጨርስ።

መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እስከ አዋሽ ሜዳ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ ሲወጣ ጨርጨር ተራራ ይጀምራል፣ ከዚያ ሂርናን አልፎ ቁልቢ ድረስ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። ለቦሎ ያለፈ ፍሬን ለዚህ መንገድ ይበቃል ማለት አይደለም። ሸራውን ጋራዥ አስፈትተህ እይ። ሲመለስ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልያዝከው ጎማው አካባቢ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ያኔ ዳር ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ውኃ መድፋት አይደለም። ቁልቢ ስትቃረብ ደግሞ በእግሩ የሚሄደው ምዕመን አስፋልቱን ሞልቶታል። ስለዚህ 19 ንጋት ላይ እደርሳለሁ አትበል፣ 18 በቀን ግባ። መኪና የሚቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ነው፣ ሽማግሌ ካለ አስብበት። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ይያዝ።

መልስ ላይ አዋሽ ኬላ ፍተሻ አለ። ከተሳፋሪዎችህ መካከል ድሬ ጎራ ብለው ሳልባጅ ወይም ጨርቅ በማዳበሪያ የሚያሳፍሩ አይጠፉም። ኮንትሮባንድ ተብሎ ሲያዝ መኪናውም አብሮ ይቆማል። ሳይነሱ በፊት ለሁሉም ንገራቸው።

ስም ዝውውሩ ካላለቀ የሻጩን ውክልና ከሊብሬው ጋር ያዝ፣ ኢንሹራንሱም በስምህ ይዙር። የመኪናውን ፋይል ወደ አዳማ ለማምጣት ከፈለግህ ያልተከፈለ ቅጣት ይጣራል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይታያል፣ ፋይሉም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ለዚህ በዓል ብለህ አትጣደፍበት፣ ጥር ላይ ጀምረው።