የኪራይ ቤትህን ብድር ከመቀየርህ በፊት

ወንድሜ፣ «የማከራየውን ቤት ብድር ወለድ ሲቀንስ ሪፋይናንስ ላድርገው (የድሮውን ብድር በአዲስ ልተካው) ወይስ ካሽ አውት ወስጄ (ከቀሪ ዕዳዬ በላይ ተበድሬ ልዩነቱን በእጄ ይዤ) ሁለተኛ ቤት ልጨምር?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔም እዚያው ላይ ስለነበርኩ የደረሰብኝን ልንገርህ።

1. አዲሱን ወለድ ተወውና መጀመሪያ የድሮውን ውልህን አንብብ። ብድሩን ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው ቅጣት አለው ወይ? ለኪራይ ቤት በሚሰጥ ብድር ላይ ይሄ የተለመደ ነው። አንዳንዱ በመጀመሪያው ዓመት የቀሪ ዕዳህን 5 በመቶ ይልሃል፣ ከዚያ በየዓመቱ 1 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። አበዳሪዬ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ከስክሪኗ ቀና እንኳን ሳትል «ውሉ ላይ አለልህ» አለችኝ። ገጹን ገልጬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና «ዛሬ ብዘጋው ጠቅላላ የምከፍለውን በጽሑፍ ስጪኝ» አልኳት። ተነጫነጨች። አለቃዋን አስጠራሁ። ወረቀቱ ሲወጣ ቅጣቱ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አዲሱ ብድር ያተርፍልሃል የተባልኩትን ጥርግ አድርጎ የሚበላ ገንዘብ ነው! እስከዛሬ የሚያበሳጨኝ ማንም አፍ አውጥቶ አለመናገሩ ነው። ቅጣቱ የሚያልቅበትን ቀን ጠብቄ ፈረምኩ፤ ደግ አደረግኩ።

2. ወጪውን ለወርሃዊ ቁጠባህ አካፍለው። የአዲሱ ብድር የቤት ግምት፣ የሰነድና የመፈራረሚያ ክፍያው 6,000 ሆኖ በወር 200 ብትቆጥብ፣ ወጪህን የምትመልሰው በ30 ወር ነው። ከዚያ በፊት ቤቱን ለመሸጥ ካሰብክ አትልፋ። ደግሞ የብድር አገናኙ (ደላላው) እኔን «ክፍያህ ቀነሰ» እያለ ሲያቻኩለኝ፣ ለካ 22 ዓመት የቀረውን ብድር ወደ 30 መልሶት ነው። «በቀሪው ዘመን አስላልኝ» ስለው ቁጠባው እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። እንደዚህ ብለህ ጠይቅ፣ አትፈር።

ካሽ አውቱን በተመለከተ፣ ለኪራይ ቤት ራስህ ከምትኖርበት ቤት ያነሰ ነው የሚያበድሩህ፤ ወለዱም ከፍ ይላል። ብዙ አበዳሪ ኪራይህ ክፍያህን 1.25 እጥፍ እንዲሸፍን ይፈልጋል። ክፍያህ ከግብርና ከኢንሹራንስ ጋር 1,200 ከሆነ ኪራይህ 1,500 መግባት አለበት ማለት ነው። ቤቱ ባዶ የሚቆይበትንና ጥገናውን ግን አንተው ጨምርበት። ያንን አስበህ ሂሳቡ ካልወጣልህ ሁለተኛውን ቤት ለጊዜው እርሳው።

ቅጣቱ መቼ እንደሚያልቅ ከውልህ አይተህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።