የአባቴን ባለ ሸራ ጀልባ እንሽጠው ወይስ እናድሰው?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ጉዳዬ የገንዘብም ነው፣ የቤተሰብም ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። ድሮ ፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ባለ ሸራ ጀልባውን በትንሽ ብር ለአባቴ ለቀቀለት። ጀልባው የእንጨት ነው። ስድስት ሰባት ሰው ይይዛል። አባዬ እየጠገነ ለብዙ ዘመን ነዳው። እማዬ የዘጌ ልጅ ናት። ለክርስትናም ለልቅሶም ወደ ዘመዶቿ የምንሻገረው በዚያ ጀልባ ነበር። ሞተር ስለሌለው ሲሄድ የሚሰማው ውሃውና ሸራው ብቻ ነው።

አባዬ ከታመመ ጀምሮ ጀልባው ውሃ አልነካም። እሱም አረፈ፤ ነፍሱን ይማረው። አሁን ጀልባው ሐይቁ ዳር ከአንድ ዘመዳችን ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከላይ እስከ ታች ላስቲክ አልብሰን ጠፍረነዋል። ቀለሙ ተልጧል። በሳንቃዎቹ መሀል ቢላ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ከታች አንዳንድ ቦታ ጠቁሯል። ሸራውን አይጥ በልቶታል። ምሰሶው ግን ደህና ይመስለኛል። ዘመዳችን ቦታውን ስለፈለገው ክረምት ሳይገባ አንሱልኝ ብሎናል።

ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። «ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑት፣ ቀለም ቀቡት፣ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ደህና ብር ያወጣል» ይላል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ተበድረን እናድሰውና ለቱሪስት እናከራየው ትላለች። እማዬን ስንጠይቃት «እንደወደዳችሁ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ሦስት ሰዎች ጠይቀውናል። አንዱ ባለ ሆቴል ነው፤ ለአትክልት ቦታው ጌጥ ሊያደርገው ይፈልጋል። ሌላው እንጨቱን ብቻ የፈለገ ነጋዴ ነው። ሦስተኛው በሞተር ጀልባ እንግዳ የሚያመላልስ ወጣት ነው። ጠግኖ በሸራ ሊነዳው ይመኛል፤ የሰጠን ዋጋ ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። እኛ ደግሞ ብሩን እንፈልገዋለን። ምን ይመክሩኛል?

የአናጢው ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ እህቴ፣

አባትሽን ነፍስ ይማርልኝ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሽጡት። ግን እንዳለ ሽጡት፤ ስቱኮም ቀለምም አይንካው።

ወንድም ጋሼሽ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ቤት ሲሸጥ ግድግዳው ይቀባል፤ መኪና ሲሸጥ ይታጠባል። ጀልባ ግን የሰው ነፍስ ውሃ ላይ የሚይዝ ዕቃ ነው። ያየሽው ክፍተት የመጣው ሳንቃው ደርቆ ስለተኮማተረ ነው። ውሃ ሲያገኝ መልሶ ያብጣል። ክፍተቱን ደርቆ በሚጠነክር ስቱኮ ከሞላሽው እንጨቱ የሚያብጥበት ቦታ ያጣል። ያኔ ወይ ስቱኮው ተፈንቅሎ ይወጣል፣ ወይ ሳንቃው ከውስጥ የተመታበትን የጀልባውን ጎድን ይገፋዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ገዢው ሰው ጭኖ ከዳር ከራቀ በኋላ ነው።

ጣና ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ የሚደርስበት ቦታ አለው። ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ እንዴት እንደሚናወጥ አንቺው ታውቂዋለሽ። የደንገል ታንኳ ውሃ ቢረጨው ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል። የሳንቃ ጀልባ ሰው የሚሸከመው ግን ውስጡ በውሃ እስካልሞላ ድረስ ነው። በቀለም የተሸፈነ ብስባሽ ሽጦ ማታ የሚተኛ ሰው የአባትሽ ልጅ ሊሆን አይገባም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሰው «አላውቅም» ብሎ አያመልጥም። በዚያ ላይ ጀልባ የሚያውቅ ገዢ አሮጌ ጀልባ ላይ አዲስ ቀለም ሲያይ ይሸሻል። ከሥሩ ምን እንዳለ ማየት አይችልማ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባው ያለበትን እወቁ። አባትሽ አብሯቸው ይሠራ ከነበሩት አናጢዎች አንዱን ለምኝና ወሰፌና መዶሻ ይዞ ይምጣ። ከሥር በቁመቱ የሚሄደውን አከርካሪ እንጨት፣ ከሱ ጎን ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሳንቃዎች፣ የጎድኖቹን ጫፍና ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታ በወሰፌ ይውጋቸው። ጤነኛ እንጨት ወሰፌውን ይመልሳል። የበሰበሰው ያስገባል። በመዶሻ ሲመታም ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ይታፈናል። ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠ ምስጥ ገብቶ እንደሆነም ከሥር ይታይ።

ጥቁሩን አይታችሁ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በብረት ምስማር ዙሪያ ደህና እንጨትም ይጠቁራል። ያ ከዝገቱ ነው። የሚለየው ወሰፌው ነው። እርግጥ ምስማሩ ራሱ በዝገት አልቆ እንደሆነ ሌላ ሥራ ነው። ሳንቃው ጤነኛ ሆኖ የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነውና።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉ። ያን ላስቲክ ፍቱት። ብዙ ሰው ጀልባን የሚያበሰብሰው ሐይቁ ይመስለዋል። ቆሞ የሚውል የእንጨት ጀልባ ዋና ጠላቱ ውስጡ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃና አየር ማጣት ነው። ጥብቅ ያለ ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል። በጀልባው ቁመት ከፍ ያለ የባሕር ዛፍ አግዳሚ አስሩና ላስቲኩን እንደ ጣሪያ ከላዩ ጣሉት። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይሁኑ፤ አየር ይግባበት። የፊቱን አፍንጫ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከኋላ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለው ቡሹን አውልቁ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የጀልባውን ዋጋ ግን ይጠብቃል።

ታናሽ እህትሽ ያሰበችው ልብ ይነካል። ገንዘቡ በእጃችሁ ቢሆን ምናልባት ሌላ እል ነበር። በብድር ግን አልስማማም። አሮጌ የእንጨት ጀልባ ሲፈታ፣ ከውጭ የማይታይ ጉዳት መውጣቱ አይቀርም። የዛሬው የአናጢ ግምት የነገው አይሆንም። ሸራውም ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ በልክ የሚሰፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማደሻው ወጪ የታደሰው ጀልባ ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። በሰሞኑ ሁኔታ የባሕር ዳር የእንግዳ ሥራ ምን እንደደረሰበት ደግሞ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወለዱ እንግዳ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠብቅም።

ዋጋውን እንዲህ አስቡት። ያን ያህል መጠን ያለው ደህና ጀልባ ስንት እንደሚሸጥ የጀልባ ማኅበር ሰዎችን ጠይቁ። አናጢው የዘረዘረውን ወጪ ከዚያ ቀንሱ። የቀረው ዋጋው ነው። ምንም ካልቀረ የምትሸጡት ምሰሶውን፣ ብረታ ብረቱን፣ መልህቁንና ጤነኛ ሳንቃውን ነው። መስማቱ ይከብዳል፤ ነገር ግን አባዬ የደከመበትን ዘመን ገዢ እንዲከፍልላችሁ አትጠብቁ።

ወደ ገዢዎቹ ልምጣ። አናጢው አከርካሪውና ጎድኑ ደህና ነው ካለ፣ እኔ የማደላው ለወጣቱ ነው። ሐይቁን ያውቃል፤ ጀልባውም የተሠራው ለውሃ ነው። ግን ስጦታ አታድርጉት፤ ብሩ ያስፈልጋችኋል። ያነሰ ዋጋ የሰጠው በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻለ ሊሆን ይችላል። ቀብድ ይስጥና የቀረውን በየጊዜው ይክፈል ብላችሁ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ሞክሩ። በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክሮች ይፈርሙ። አናጢው ያገኘው ጉዳት አንድ በአንድ ውሉ ላይ ይስፈር። ማስጫኛውን ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይጻፍ። ጀልባ ማንሳት ቀላል ወጪ አይደለም፤ ጠብ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው።

አከርካሪው ከበሰበሰ ለባለ ሆቴሉ ስጡት። ምንም ነውር የለውም። ውሃ ላይ መውጣት የማይችል ጀልባ ሰው እያየው አበባ መሀል ቢቀመጥ ለእኔ ደግ ፍጻሜ ነው። እንጨት ነጋዴውን የመጨረሻ አድርጉት።

ማንም ይግዛው፣ ዕቃውን አትበትኑ። ምሰሶ ፈላጊ መጥቶ ለብቻው ቢጠይቃችሁ እንቢ በሉ። አይጥ የበላውንም ሸራ አትጣሉ። ሸራ ሰፊው አዲሱን የሚቆርጠው አሮጌውን እየለካ ነው።

ስለ ቦታው፣ ዘመዳችሁን ሽማግሌ ልካችሁ እስከ ጥቅምት እንዲታገሣችሁ ለምኑት። ጣና በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። ያኔ ውሃው ወደ ጀልባው ይቀርባል፤ ውሃ ድረስ የሚገፋበት መንገድ ያጥራል። ወጣቱ ከገዛው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ሲነካ ግን ወዲያው እንዳይሳፈርበት ንገሩት። ሳንቃው አብጦ እስኪገጥም ዳር ላይ ታስሮ ይክረም፤ ውሃም ያስገባል፤ እየቀዱ መድፋት ነው።

አሁን ስለ እናትሽ። «እንደወደዳችሁ» ማለት እሺ ማለት አይደለም። በሕግም ቢሆን ጀልባው በትዳር ዘመን የተገኘ ከሆነ ግማሹ የእሷ ነው። የአባትሽ ድርሻ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ የልጆቹ ሁሉ ነው፤ እኩል። አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ሁላችሁም ፈርሙ። ወንድም ጋሼም ለመፈረም ይምጣ፤ ካልቻለ ውክልና ይላክ።

ከወረቀቱ በፊት ግን ከእማዬ ጋር ቡና ላይ ብቻችሁን ተቀመጡ። «እንሽጠው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ ለዚህ መልስ መስጠት ከብዷታል። ሦስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑና ምን ሊያደርጉበት እንደፈለጉ ንገሪያት። የትኛው ቢወስደው ቅር እንደማይላት ጠይቂያት። ለራሷ የምታስቀረው ነገር ካለ፣ መቅዘፊያም ይሁን ሌላ፣ ከሽያጩ በፊት ይውጣ።

ሦስቱም ካልተስማሙና ቴሌግራም ላይ ማውጣት ካለባችሁ፣ ማስታወቂያውን እኔ ልጻፍልሽ። የጠቆረውንና የተከፈተውን ቦታ በቅርብ አንስታችሁ ከጽሑፉ ጋር አውጡት፦

«የሚሸጥ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ፣ ባሕር ዳር። ለረጅም ጊዜ ውሃ ላይ አልወጣም። እድሳት ያስፈልገዋል፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ሰው መጫን አይችልም። ሳንቃው ደርቆ ተከፍቷል። ሸራው ተበልቷል። ምሰሶና መልህቅ አለው። አናጢ ያየው የጉዳት ዝርዝር አለን፤ ለጠየቀ እናሳያለን። ወሰፌ ይዛችሁ ኑና እዩት።»