ባለቤቱም ይከሰሳል

ወንድምህን ገጭቶ እግሩን የጎዳው ባጃጅ ባለቤት «ያሽከረከረው ሾፌሬ ነው፣ እሱን ክሰስ» ያለህ ተሳስቶ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ባጃጁ ተሰርቆበት ወይም ጥፋቱ የወንድምህ ካልሆነ በቀር። ባለቤቱንም ሾፌሩንም ክሰስ፣ ባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን (በአደጋው ለተጎዳ ሰው የሚከፍል) የገባበትን ኢንሹራንስ ኩባንያም ጨምር። ኢንሹራንሱ እስከ መድኑ ጣሪያ ይከፍላል፣ ቀሪው የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ከአዳማ ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ሪፖርት አውጣ። የሕክምና ደረሰኝና የደመወዝ ማስረጃ ያዝ። ዋናው ግን የሕክምና ቦርድ ወረቀት ነው፤ የአካል ጉዳቱ በመቶኛ ካልተጻፈ ወደፊት የሚቀርበትን ገቢ ማስላት ያስቸግራል። ክሱን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ አቅርብ (ቁጥር 2143)።

ለማስታረቅ ሽማግሌ ከመጣ፣ ወንድምህ እግሩ ሳይድን «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እንዳይፈርም። ከፈረመ፣ እግሩ ውስጥ የገባው ብረት ሲወጣ የሚደረገውን ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።