«ላሞችሽ ከመኪና ይብሳሉ»

ጥያቄ፦ ቀበና አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ወተቱን ለሰፈር ሰው እሸጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጄ «እማዬ፣ ላሞችሽ ከመኪና ይብሳሉ፤ የዓለምን አየር የሚያሞቁት እነሱ ናቸው» እያለ ይጨቀጭቀኛል። አንዷ ከወለደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ጽንስ አልያዘችም፤ የምትሰጠኝም አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ልሽጣቸው ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ የልጅዎ ነገር ግማሽ እውነት አለው። ላም የበላችው ጭድ ሆዷ ውስጥ ሲብላላ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ሰው ከኋላዋ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ስታገሳ በአፏ ነው የሚወጣው። አንዲት ላም በዓመት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ታወጣለች። ኪሎ ለኪሎ በ100 ዓመት ስሌት ሲታይ፣ ሜቴን ከመኪና ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ስለዚህ 70 ኪሎ የምታወጣ ላም፣ በዓመት 800 ሊትር ያህል ቤንዚን እንደሚያቃጥል መኪና ናት። ከአራት ኪሎ መገናኛ የሚመላለስ ሚኒባስ ይህን ያህል ነዳጅ በጥቂት ወራት ይጨርሳል። ደግሞም ሜቴኑ አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከመኪናው የሚወጣው ካርቦን ግን ለመቶዎች ዓመታት ይከማቻል። ይህንንም ይንገሩልኝ።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገራችን ወደ አየር ከምትለቀው የሚያሞቅ ጋዝ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእንስሳት እንደሚመጣ ገልጿል። የከብቱ ብዛት አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብዙዎቹ ዓመት ሙሉ እየበሉ ጠብ የሚል ነገር አለመስጠታቸው ነው።

የእርስዎም ጣጣ ያቺ አንዷ ላም ናት። ወተቷ ቢቀንስም መብላትና ማግሳቷን አልተወችም። ከመሸጥዎ በፊት ግን ማህፀኗን ሐኪም ይይላት። ጤነኛ ከሆነች ምናልባት ኮርማ ስትፈልግ አላዩዋት ይሆናል። በየ21 ቀኑ ገደማ ትፈልጋለች፤ ታስራ ከዋለች ግን ሌላዋ ላይ መውጣት ስለማትችል ምልክቱ ይደበቃል። ጎህ ሲቀድና ማታ ከመተኛትዎ በፊት ጎራ ብለው ይዩዋት። ከጮኸች፣ ከተቅበጠበጠች፣ ከብልቷ ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወረደ ጊዜው ደርሷል። ጠዋት ካዩ ማታ፣ ማታ ካዩ በማግስቱ ጠዋት አዳቃይ ይጥሩ። ጭድ ብቻ ከሆነ የምትበላው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይጨምሩላት፤ የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተዳቅላም ካልያዘች ያኔ ይሽጧት። ሁለቱን ግን እንዳይነኩ!

እበቱን ምን እያደረጉት እንደሆነ አልጻፉልኝም። እርጥቡን ከቆለሉት እሱም ሜቴን ያወጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ግቢዎ ለጉድጓድ ቦታ ካለው ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበቱ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ ማንደድን፣ ያስቡበት። የሁለቱ ላሞች እበት እንኳ ለቡናና ለወጥ የሚሆን እሳት አያሳጣዎትም። የሚተርፈው ዝቃጭም ለጓሮ ጎመን ግሩም ማዳበሪያ ነው። እበቱን ከውኃ ጋር የማማሰሉን ሥራ ለልጅዎ ይስጡት።