መልስ፦ ኬፋቨር ያን ሁሉ ቅድመ ምርጫ አሸንፎ ለምን ዕጩ አልሆነም?

ወንድሜ፣ «በ1952 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከ15ቱ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን ለመለየት በየክፍለ ግዛቱ የሚያካሂደው ምርጫ) 12ቱን ያሸነፈ ሰው እንዴት ዕጩ ሳይሆን ይቀራል?» ብለህ ለጠየቅከው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፦ በዚያ ዘመን በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት አብዛኞቹ ልዑካን በቅድመ ምርጫ አይገኙም ነበር፤ በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የፓርቲ አለቆች ናቸው የሚወስኗቸው። ቺካጎ ላይ በተደረገው ጉባኤ የቴነሲው ሴናተር ኤስቲስ ኬፋቨር በመጀመሪያው ዙር በ340 ድምፅ መራ፤ የሚያስፈልገው ግን 616 ነበር። በሦስተኛው ዙር ፕሬዚዳንት ትሩማን የደገፉት የኢሊኖይ ገዥ አድላይ ስቲቨንሰን ዕጩነቱን ወሰደው።

አለቆቹ የጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የቻታኑጋው ጠበቃ ኬፋቨር በ1948 ሴኔት የገባው የሜምፊስ ከተማውን የፓርቲ አለቃ ክራምፕን ተጋፍጦ ነው። ክራምፕ በራኩን (በአሜሪካ የሚገኝ ትንሽ የዱር እንስሳ) ቢመስለው፣ የራኩን ቆዳ ቆብ ደፍቶ ቅስቀሳ ወጣ! በ1950 እና 51 ደግሞ የሴኔቱን የወንጀል ምርመራ ኮሚቴ በ14 ከተሞች አዞረ። በቴሌቪዥን የተላለፈው ምርመራ ወሮበሎቹን ብቻ ሳይሆን ከእነሱ ጋር የተሞዳሞዱ የገዛ ፓርቲውን ሰዎችም አጋለጠ። (የወሮበሎች አለቃው ፍራንክ ኮስቴሎ ፊቴ አይታይ ስላለ ካሜራው እጆቹን ብቻ ነበር የሚያሳየው።) በዚህ ላይ ትሩማንን ኒው ሃምፕሻየር ላይ ማሸነፉ ተጨመረበት።

እንደ እኔ ትልቁ ሥራው ግን የ1962ቱ የመድኃኒት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አምራቹ የሚያሳየው መድኃኒቱ እንደማይጎዳ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደሚሠራም በጥናት ማስረዳት ግድ ሆነበት። የታሊዶማይድ (ነፍሰ ጡሮች ወስደውት በሕፃናት ላይ የአካል ጉድለት ያስከተለ መድኃኒት) ጉድ ባይወጣ ኖሮ ረቂቁ ተዳፍኖ የሚቀር ይመስለኛል።