ገንዳው ክሎሪን ክሎሪን ሸተተ ማለት ንፁህ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው የመዋኛ ገንዳ ሰሞኑን ውሃው አረንጓዴ እየሆነ መጣ፣ ግድግዳውን ስነካው ያሙለጨልጫል፣ ክሎሪን ጨመርኩ ግን ምንም ለውጥ የለም። የገረመኝ ደሞ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል፣ ልጆቼ ሲወጡ አይናቸው ደም ይመስላል። ባለቤቴ ክሎሪኑ በዝቷል ቀንሺው ይላል፣ እኔ ደሞ አንሷል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ አንቺ ነሽ ልክ፣ ግን ከመጨመርሽ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ያ የሚሰነፍጠው ሽታ የክሎሪን ብዛት አይደለም፣ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፣ አይን የሚያቀላው እሱ ነው። ስለዚ ሽታው የሚነግርሽ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ እያለቀ እንደሆነ ነው፤ በደንብ የተያዘ ገንዳ እኮ ያን ያህል አይሸትም። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ሻወር ቢወስዱ ብዙ ነገር ይቀንሳል።

የሚቀድመው ፒኤች ነው፣ ውሃው ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ማለት ነው። ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፣ 8 ከደረሰ ግን ከጨመርሽው ክሎሪን ጀርም የመግደል አቅም ያለው ሩብ ገደማው ብቻ ነው፣ 7.2 ላይ ሲሆን ደሞ ሁለት ሶስተኛው ገደማ ይሰራል። ብዙ ሰው ፒኤች ሳይለካ ክሎሪን እየደፋ ገንዘቡን የሚጨርሰው ለዚ ነው። ስትለኪ ውሃውን ከላይ አትቅጂ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ አስገብተሽ ንፁህ ውሃ ከሚገባበት ቀዳዳ ራቅ ካለ ቦታ ቅጂ። የቀዳሽው ውሃ ላይ የምትጨምሪው የፒኤች መለኪያ ጠብታ ቢጫ ካሳየ ዝቅ ብሏል፣ ደማቅ ቀይ ከሆነ ከፍ ብሏል። አንድ የሚያሳስት ነገር ልንገርሽ፣ ክሎሪን በጣም ሲበዛ የክሎሪን መለኪያውን ቀለም ያጠፋዋል፣ ሰው ዜሮ ነው ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ነጭ ሆኖ ካየሽ በንፁህ ውሃ አቅጥነሽ ድገሚው።

ፒኤቹን ካስተካከልሽ በኋላ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጊው፣ ያ የሚያሙለጨልጨው አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው፣ ካልተፈተገ ክሎሪኑ የላይኛውን ብቻ ነክቶ ያልፋል። ከዛ ፀሀይ ስትጠልቅ ከፍ ያለውን ዶዝ ስጪው፣ ሾክ የሚሉት ማለት ነው፣ ቀን ላይ ከሰጠሽው ፀሀይዋ ሰዓት ሳይሞላ ብዙውን ታጠፋዋለች። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይስራ። ጠዋት የፊልተሩን የግፊት ጌጅ እይ፣ ንፁህ ሆኖ ከነበረው በ8 ወይ በ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ከጨመረ ባክዋሽ አድርጊው፣ ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፈሽ ፊልተሩን እጠቢው ማለት ነው። ወለሉ ላይ ያለው የፍሳሽ ክዳን ጥርት ብሎ እስኪታይሽና ክሎሪኑ በሊትር ከ4 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ማንም አይግባ፣ ከዛ በኋላ ከ1 እስከ 3 ላይ ያዢው።

ይሄን ደሞ አደራ እልሻለሁ፣ ፒኤች የሚያወርደው አሲድና ክሎሪን አንድ ላይ እንዳይገናኙ፣ በአንድ ኩባያ እንኳን እያፈራረቁ መስፈር አይሆንም፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለት አይነት ክሎሪን መቀላቀልም እሳት ያስነሳል። ኬሚካሉን ወደ ውሃ ጨምሪ እንጂ ውሃ ኬሚካል ላይ አትጨምሪ።

ጥያቄ፦ ፓምፑን በቀን ስንት ሰዓት ላሰራው?

መልስ፦ የገንዳውን ውሃ ፓምፑ በሰዓት ለሚገፋው አካፍለው። 60,000 ሊትር ይዞ ፓምፑ 10,000 የሚገፋ ከሆነ ቢያንስ 6 ሰዓት ነው፣ ሙቀት ሲሆንና ሰው ሲበዛ ጨምርበት።

ጥያቄ፦ የ4 አመት ልጅ አለኝ፣ ክንዱ ላይ የሚታሰረውን መንሳፈፊያ አድርጎ ነው የሚገባው። አጥር የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ የግድ ነው። ያ መንሳፈፊያ ይሾልካል፣ ይተነፍሳል፣ መጫወቻ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። አጥሩ በአራቱም በኩል ይሁን፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ በሩ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋ፤ የቤቱ ግድግዳ አንዱን ጎን ይዞ የሳሎን በር ወደ ገንዳው ከተከፈተ አጥር የለም ማለት ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ኳሷንም አሻንጉሊቱንም አውጡ፣ ልጅ የሚመለሰው እነሱን ፍለጋ ነው።

ልጅ ሲሰጥም አይጮህም፣ አያንቦጫርቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ሁኑ፣ ስልክ ይቀመጥ፣ ሰው ሲበዛ ደሞ ተረኛው ማን እንደሆነ በስም ተነጋገሩ፣ ሁሉም ያያል ሲባል ማንም አያይም። የወለሉ ፍሳሽ ክዳን ከተሰበረ ፓምፑን አጥፍታችሁ ገንዳውን ዝጉት፣ የሚስበው ሀይል ፀጉርም እጅም ይይዛል፣ ማጥፊያው የት እንዳለ ቤት ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ይወቅ። ልጁ ከአይናችሁ ከጠፋ ደሞ አልጋ ስር ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ገንዳው ሩጡ።